«ብዛት»፥ «ግፊት»፥ «ፍሰት»፤ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ሙያዊ ቃላት

1. መግቢያ

በአማርኛ የሕክምና ቃላት መካከል ከሕዝብ አንደበት ወደ ሐኪም ቤት የገቡ፥ ከሐኪም ቤትም ወደ ሕዝብ አንደበት የተመለሱ አያሌ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ «ደም ብዛት» ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ሕመም ደም በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከተገቢው ልክ በላይ ሆኖ ሲዘልቅ የሚታወቅ ነው። ስሙ ግን ግፊትን አያነሣም፤ የሚያነሣው ብዛትን ነው። ሌላው «ደም ማነስ» ነው። በዚህም ስም ሲጠራ የሚያንሰው የደም ጠቅላላ መጠን ሳይሆን፥ በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ክምችት ነው።

ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በቋንቋ ብዛትና ማነስ ተቃራኒ ናቸውና። በሰውነት ውስጥ ግን ተቃራኒነት የላቸውም። ለምሳሌ ኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ግፊቱ ከፍ፥ ሄሞግሎቢኑ ደግሞ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ኩላሊት የጨውንና የውሃን ልክ ከመጠበቁም በላይ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ የሚያዝዘውን ሆርሞን የሚያመነጭ አካል በመሆኑ፥ ሲጎዳ ሁለቱም ነገሮች አብረው ይዛባሉ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ «ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብህ» ቢባል ነገሩ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ስሙን አምኖ «ደሜ ከበዛ ለደም ማነስ የታዘዘልኝ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ሊፈረድበት አይገባም። ያሳሳተው ቃሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ልብና ደም በልዩ ልዩ ሁኔታ ውስጥ የሚያሳዩት ለውጥ በአማርኛ በትክክል ሊገለጽ የሚችለው፥ የደም መጠን፥ የደም ግፊት፥ የደም ፍሰትና የልብ ምት የተባሉት አራት ልኬቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ይዘው ሲቆሙ ብቻ ነው። አራቱ ሁልጊዜ አብረው አይወጡም፤ አብረውም አይወርዱም።

2. ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

ለማስረጃ የመረጥነው በደቡብ ወሎ የሚገኘውን የኮምቦልቻንና የደሴን መንገድ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፥ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፥ በሐረጎ ዳገት ላይ ተጠማዝዞ ይወጣል። ሠራተኛው፥ ነጋዴውና ተማሪው በየዕለቱ ከወይና ደጋው አየር ወደ ደጋው፥ ከደጋውም ወደ ወይና ደጋው ይመላለሳል። ስለዚህ ሙቀትን፥ ዳገትንና ከፍታን በአንድ መንገድ ላይ አገናኝቶ ለመመልከት የሚመች ስፍራ ነው።

ስለ ከፍታ ስንናገር በቅድሚያ የምናገኘው የቃላት ችግር ከላይ ካነሣነው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ «በከፍታ ቦታ ኦክሲጅን ያንሳል» ይባላል። ይሁን እንጂ አየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ በኮምቦልቻም፥ በደሴም፥ በባሕር ዳርቻም ያው 21 ከመቶ ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት፥ በኮምቦልቻ ከፍታ ወደ 610፥ በደሴ ከፍታ ወደ 560 ይወርዳል። ይኸውም በኮምቦልቻ የባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ፥ በደሴ ሦስት አራተኛ ገደማ ማለት ነው። ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚያሻግረው ይህ ግፊት በመሆኑ፥ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። እንግዲህ ድርሻን ከግፊት ያልለየ ተርጓሚ ገና ስለ አየር ሲናገር ይስታል፤ ስለ ደም ሲናገር ደግሞ ስሕተቱ ይደረባል።

3. «ምት»፥ «ትርታ» እና «ድርሻ»

የልብ ጡንቻ ተኮማትሮ ደም ሲገፋ የሚፈጸመው ድርጊት «ምት» ይባላል። በዚያ ግፊት ምክንያት በደም ቅዳ ላይ የሚሄደውና በእጅ አንጓ ላይ በጣት የሚዳሰሰው ሞገድ ደግሞ «ትርታ» ሊባል ይገባል። በዕለት ንግግር ሁለቱ ቃላት እየተለዋወጡ ይነገራሉ፤ «የልብ ትርታ» ማለትም የተለመደ ነው። ለሙያው ግን መለየታቸው ያስፈልጋል። ልብ ሥርዐቱን ስቶ በሚመታበት ሕመም አንዳንዱ ምት ደካማ ስለሚሆን እስከ አንጓ አይደርስም። በዚህ ጊዜ በልብ ላይ የተቆጠረው ምት በአንጓ ላይ ከተቆጠረው ትርታ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ መጽሐፍ ይህን ልዩነት ሊያስተምር አይችልም።

በአንድ ምት ከልብ ግራ ክፍል የሚወጣው ደም በዕረፍት ላይ ባለ ጎልማሳ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን «የምት ድርሻ» ብንለው፥ በአንድ ደቂቃ የሚወጣውን ጠቅላላ ደም «የደቂቃ ድርሻ» ልንለው እንችላለን። ልብ በደቂቃ 72 ጊዜ ቢመታ የደቂቃ ድርሻው ወደ 5 ሊትር ይሆናል። ለዚህ ልኬት «የልብ ውጤት» የሚለውን ቃል በቃል የተተረጎመ ስያሜ አንደግፍም። «ውጤት» በአማርኛ የሥራ ፍጻሜን ወይም የፈተና ነጥብን የሚያስታውስ ነውና፥ «የልብ ውጤቱ ዝቅ ያለ» የተባለ ሕመምተኛ ምርመራውን እንደወደቀ ሊያስብ ይችላል።

«የደም ዝውውር» እና «የደም ፍሰት» የሚሉትም በየቦታቸው መዋል አለባቸው። ዝውውር ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስበትን ዙር በሙሉ የሚጠራ ስም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዙር ያስረዳው ከሌላ ማስረጃ ጋር በቁጥር ስሌት ነበር። ልብ በአጭር ጊዜ የሚገፋው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ስለሚበልጥ፥ ያው ደም ተመልሶ ካልመጣ በስተቀር ነገሩ ሊሆን እንደማይችል አሳየ። ፍሰት ግን በአንድ የተወሰነ ቦታ በአንድ የተወሰነ ጊዜ የሚያልፈው ደም ልክ ነው። ስለዚህ «የኩላሊት የደም ፍሰት» ይለካል፤ ዝውውር ግን ይገለጻል እንጂ በዚህ መልክ አይለካም።

«ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የተባሉት ስያሜዎች በዚህ ረገድ ምስጋና የሚገባቸው ናቸው። ስያሜያቸው የተመሠረተው በደሙ አቅጣጫ ላይ እንጂ በያዘው ኦክሲጅን ላይ አይደለም። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ኦክሲጅኑ ያነሰ ቢሆንም የሚሄድበት ቧንቧ ደም ቅዳ ነው፤ ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሰው በኦክሲጅን የበለጸገ ቢሆንም መንገዱ ደም መልስ ነው። በአንጻሩ «ሥር» የሚለው ብቻውን ሲቆም የዛፍን ሥርም የደምን ሥርም ይይዛል፤ የግእዙ «ሥርው» ደግሞ ጅማትን ጭምር የሚጨምር ነበር። በመሆኑም በሙያ ጽሑፍ «ደም ሥር» የሚለውን ለሁለቱም የወል ስም አድርጎ መያዝ፥ ልዩነት ባስፈለገ ጊዜ ግን «ቅዳ» ወይም «መልስ» ብሎ መለየት ይገባል።

4. ሁኔታ ሲለወጥ

አራቱ ልኬቶች እንዴት እንደሚለያዩ የሚታየው ሰውነት ከዕረፍት ሲወጣ ነው።

ሀ. ዳገት መውጣት። አንድ ሰው የሐረጎን ዳገት በእግሩ ቢወጣ የሚሠሩት ጡንቻዎች ኦክሲጅን ይጠይቃሉ። በጡንቻ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ይሰፋሉ፤ የአንጀትና የኩላሊት ደም ቅዳዎች ግን ይጠብባሉ። ምቱ ይፈጥናል፥ የምት ድርሻውም ያድጋል። በከባድ ሥራ ጊዜ የደቂቃ ድርሻ ከ5 ወደ 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ፍሰቱ አራት እጥፍ ሲያድግ አማካዩ ግፊት እንዲያ አያድግም፤ መንገዱ በመስፋቱ ደሙ በቀላሉ ያልፋልና። ጠቅላላ የደም መጠን ደግሞ ከሞላ ጎደል ያው ነው። አንጎል የሚያገኘው ፍሰትም ብዙ ሳይለወጥ ይቆያል። እንግዲህ በአንድ ሰው፥ በአንድ ሰዓት፥ ምት ፈጠነ፥ ፍሰት በዛ፥ ግፊት በመጠኑ ከፍ አለ፥ መጠን ባለበት ቆየ።

ለ. ሙቀት። በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣው ደምን ወደ ቆዳ በመላክና በላብ ነው። የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ላብ ደግሞ ከደሙ ውሃ ይቀንሳል። ግፊት እንዳይወርድ ልብ ምቱን ያፈጥናል። ውሃ ሳይጠጡ ለረጅም ሰዓት በሙቀት የሚሠሩ ሰዎች የሚያዞራቸው ይህ ማካካሻ ሳይበቃ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ ምት ፈጥኖ ሳለ ግፊት ሊወርድ መቻሉን ልብ ይሏል። «ልቤ ቶሎ ቶሎ ስለ መታ ግፊቴ ጨምሯል» የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ሐ. ከስግደት መነሣት። በወሎ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ሰጋጅ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሣል። ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም በክብደቱ ወደ እግርና ወደ ሆድ ደም መልሶች ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለጊዜው ይቀንሳል፥ የምት ድርሻም አብሮ ይቀንሳል። በአንገት ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ታላቅ ደም ቅዳ ቅስት ላይ ያሉት ግፊት ጠባቂ ነርቮች ይህን በቅጽበት ያውቃሉ፤ ምት እንዲፈጥን፥ ደም ሥሮችም እንዲጠብቡ ያደርጋሉ። ጾም ውሎ ውሃ ያልጠጣ፥ በዕድሜ የገፋ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ማካካሻው ሊዘገይበትና ዓይኑ ላይ ሊጨልምበት ይችላል። ይህን ስሜት «ደም አንሶኝ ነው» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። የሆነው ግን ደም ቦታ መለወጡና ግፊት ለጥቂት ጊዜ መውረዱ ነው።

መ. ድንጋጤና ቁጣ። በዚህ ረገድ የአማርኛ ፈሊጥ የሰውነትን ለውጥ በሚገባ የተመለከተ ነው። የደነገጠ ሰው «ፊቱ አመድ መሰለ» ይባላል፤ በእርግጥም በአድሬናሊን ምክንያት የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ። ጮኾ የሚቆጣው ደግሞ «ደም ሥሩ ተገታተረ» ይባላል፤ በጩኸት ጊዜ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይታገዳል፥ የአንገት ደም መልሶችም ይነፋሉ። አንዱ ፈሊጥ መጥበብን፥ ሌላው መነፋትን ይዟል። «ደሙ ፈላ» የሚለው ግን ምሳሌያዊ ነው እንጂ የሙያ ፍች አይሸከምም።

ሠ. እርግዝና። ቃላቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈትነው ይህ ሁኔታ ነው። በነፍሰ ጡር ሴት የደም ጠቅላላ መጠን እስከ ወሊድ ከ40 እስከ 50 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የደቂቃ ድርሻም በብዙ ያድጋል። ይሁንና ደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግፊት በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ጥቂት ዝቅ ይላል። ፈሳሹ ከቀይ ሕዋሳቱ ይልቅ ስለሚጨምር ደግሞ የሄሞግሎቢን ክምችት ይቀንሳል። ስለሆነም ደሟ በመጠን በዝቷል፤ ነገር ግን «ደም ብዛት» የለባትም። ክምችቱ ከልክ በታች ከወረደ «ደም ማነስ» ይባልላታል፤ ደሟ ግን አላነሰም። በመጨረሻዎቹ ወራት ግፊቷ በእርግጥ ከፍ ቢል ለእርስዋም ለፅንሱም አደገኛ ነው። ይህን አደጋ የሚያስረዳው ጽሑፍ ግልጽ ባልሆነ ቃል ቢጻፍ የሚከፈለው ዋጋ ከስያሜ ክርክር ያለፈ ይሆናል።

ረ. ከፍታ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ደሴ የደረሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹና ምቱ ይፈጥናሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይቀንሳል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን በአንድ ሊትር ደም ሲለካ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህም ደሙ ወፈረ ማለት እንጂ በዛ ማለት አይደለም። በከፍታው ሳምንታትን ሲያሳልፍ ግን ቀይ ሕዋሳት በእርግጥ ይጨምራሉ። እንዲሁም ኦክሲጅን ሲቀንስ የሰውነት ደም ሥሮች በአብዛኛው ይሰፋሉ፤ የሳንባ ደም ቅዳዎች ግን ይጠብባሉ። አንድ ምክንያት በሁለት ቦታ ተቃራኒ ውጤት የሚሰጥ በመሆኑ፥ ተርጓሚው ቦታውን ሳይጠቅስ «ደም ሥሮች ይጠብባሉ» ብሎ መተው የለበትም።

ለከፍታው አገር ተወላጆች ነገሩ ደግሞ ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ለወንዶች 15.9፥ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ ብዙ የማይርቅ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የቀይ ሕዋስ ያለ ልክ መጨመር ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ «ደም ብዛት» ቢባል የሚያምርበትም እርሱ ነበር። ዳሩ ግን ስሙ አስቀድሞ ለግፊት ስለተሰጠ፥ ባለመብቱ ያለ ስም ቀርቷል።

5. «መጥበብ» እና «ጥበት»፤ «ድካም» እና «መደፈን»

ከላይ በተሰጡት ምሳሌዎች ሁሉ «መጥበብ» እና «መስፋት» በሚሉት አርእስተ ግሶች የተጠቀምነው ሆን ብለን ነው። የጤነኛ ሰው ደም ሥር የሚጠበው ለጊዜው ነው፤ ሁኔታው ሲያልፍ ተመልሶ ይሰፋል። «ጥበት» ግን የጸና ጠባይን ያመለክታልና፥ ግድግዳው በስብ ክምችት ተደፍኖ ለጠበበ ደም ቅዳ ቢውል ይመረጣል። የቃሉን ተደራጊ ቅርጽ መጠቀም አያዋጣም፤ «ተጠበበ» ማለት በአማርኛ ተራቀቀ፥ ብልሃት ፈጠረ ማለት ነው። «መኮማተር» ደግሞ ለጡንቻ ይቆይ፤ ደም ሥሩ የሚጠበው በግድግዳው ያለው ጡንቻ ስለሚኮማተር ነው። የመጥበብን ኃይል ለማስገንዘብ አንድ ስሌት ይበቃል፤ የሌላው ሁሉ ልክ እንዳለ ሆኖ የአንድ ቀጭን ቧንቧ ስፋት በግማሽ ቢጠብ ፍሰቱ ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

«የልብ ድካም» የተባለው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ሐኪሞች በዚህ ስም የሚጠሩት ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መግፋት ሲያቅተው የሚመጣውን፥ እግር የሚያሳብጥና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ነው። በዜናና በትርጉም ጽሑፎች ግን የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ቅዳ በድንገት ተደፍኖ ጡንቻው ሲሞት የሚፈጠረው አደጋም «የልብ ድካም» ሲባል እናነባለን። የመጀመሪያው የሚታከምበት መንገድ ረጅም ነው፤ የሁለተኛው ግን ደቂቃዎች የሚቆጠሩበት ነው። «ድካም» የሚለው ቃል ለሰሚው ዕረፍትን ይመክራል። ደረቱን አጥብቆ የያዘው ሰው ግን ማረፍ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። ስለዚህ ለሁለተኛው «ድንገተኛ የልብ ደም ቅዳ መደፈን» የሚል ስያሜ እናቀርባለን፤ ረዘም ቢልም አደጋውን ይናገራል።

6. የስያሜ ሐሳብ

ቋንቋችን ልኬትን ከሕመም መለየት አያቅተውም። ለሰውነት «ሙቀት» አለ፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ «ትኩሳት» ይባላል። ማንም ሰው ጤነኛውን «ሙቀት አለበት» ብሎ አያዝንለትም። «ግፊት አለበት» ግን ይባላል፤ ግፊት የሌለው ሕያው ሰው እንደሌለ ሁሉ። ይህን ልማድ መነሻ አድርገን የሚከተለውን እናቀርባለን።

«የደም ግፊት» የልኬት ስም ብቻ ይሁን። ሕመሙ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ይባል፤ «ደም ብዛት» ሕዝቡ የሚያውቀው ስም ስለሆነ ለሕሙማን በሚጻፍ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ይጠቀስና ይብራራ። «ደም ማነስ» ሥር የሰደደ ስለሆነ ይቆይ፤ ነገር ግን በፍችው ላይ ሄሞግሎቢን ይጠቀስ። በመድማት ምክንያት የሚመጣው የመጠን መቀነስ «የደም መጉደል»፥ የግፊት መውረድ ደግሞ «ዝቅተኛ የደም ግፊት» ተብለው ከእርሱ ይለዩ። የቀይ ሕዋስ ከልክ በላይ መጨመር «የቀይ ሕዋስ ብዛት» ይባል። «ምት» ለልብ፥ «ትርታ» ለደም ቅዳ፥ «ፍሰት» በጊዜ ለሚለካው፥ «ዝውውር» ለሙሉው ዙር ይዋል።

ተርጓሚው ከእነዚህ ቃላት በአንዱ ከመጠቀሙ በፊት የሚለካውን ነገር መሣሪያውን በማሰብ ሊለየው ይችላል። በሊትር የሚለካው መጠን ነው፤ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለካው ግፊት ነው፤ በሊትርና በደቂቃ የሚለካው ፍሰት ነው፤ በሰዓት ተይዞ የሚቆጠረው ምት ነው። በዴሲ ሊትር ስንት ግራም እንደሆነ የሚነገረው ደግሞ ክምችት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት እንደገና መመርመር አለበት።